ሽያጭ ተምሬ ጨረስኩ፣ የሚሸጥ ጠፋ

ብሩሼ ደርቋል። ደርቋል ስል እንዲሁ አይደለም፤ ጠረጴዛ ቢመቱበት ኳ የሚል ዓይነት ነው። ጫፉ ላይ የቀረው ሰማያዊ ቀለም ድንጋይ ሆኗል። ሥዕሉን ጀምሬ ያቆምኩት «ጥበብህን ወደ ገቢ ቀይር» የሚል ቪዲዮ ለአምስት ደቂቃ ልይ ብዬ ነበር። አምስት ደቂቃዋ እነሆ ዓመት ከመንፈቅ ሞላት።

እስከዚያው ግን ሥራ ፈትቼ አልተቀመጥኩም። ተምሬያለሁ። ስድስት ኮርስ ገዝቻለሁ። አራቱን ከፍቻለሁ። አንዷን ልጨርስ ትንሽ ነው የቀረኝ። ደግሞ ብቻዬን አይደለሁም። እ.ኤ.አ. በ2012 ገደማ ነጻ የኦንላይን ኮርሶች በገነኑ ጊዜ፣ ከ100 ተመዝጋቢ 15ቱ እንኳን የማይጨርሷቸው ይበዙ ነበር። እኔ ከ85ቱ ወገን ነኝ። ብዙ ሕዝብ ነን። ማኅበር ብናቋቁም ግን የመጀመሪያውን ስብሰባ ግማሹ ላይ ጥለን እንወጣለን።

ነገሩ ሁሌ የሚጀምረው በነጻ ዌቢናር፣ ማለትም በኢንተርኔት በሚሰጥ ገለጻ ነው። አሰልጣኙ ነጭ ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጣል፤ ከጎኑ አንድ ተክል አለች። «እኔም ልክ እንዳንተ ነበርኩ» ይላል። ሁሉም እንደ እኔ ነበሩ። ታዲያ እኔ ብቻ ለምን እንደ እኔ ሆኜ እንደቀረሁ አይገባኝም። አንድ ሰዓት ሙሉ የሕይወት ታሪኩን ያወራል፣ አሥር ደቂቃ ያስተምራል፣ ከዚያ ሰዓቱ ይመጣል። ቀይ ነው፤ ወደ ኋላ ይቆጥራል። «ቅናሹ ሊያበቃ 14 ደቂቃ ከ32 ሰከንድ ቀረው።» አንድ ቀን ካርዴን ስፈልግ አለቀብኝ። ተስፋ ቆርጬ ገጹን ሪፍሬሽ ባደርገው፣ እንደገና ከ15 ደቂቃ ጀመረ። ነቃሁበት ብላችሁ ነው? በልዩ አስተያየት ጊዜ የጨመሩልኝ መስሎኝ ገዛሁ።

እዚያ ነው የሳሙኤል ብራናንን ታሪክ የሰማሁት። ብራናን እ.ኤ.አ. በ1848 የወርቅ ብናኝ በጠርሙስ ይዞ፣ «ወርቅ! ወርቅ!» እያለ በሳን ፍራንሲስኮ መንገዶች የዞረ ነጋዴ ነው። ሰዉ ግልብጥ ብሎ ወርቅ ወደተገኘበት ወንዝ ሲነጉድ፣ አካፋው ያለው ብራናን ሱቅ ነው። እሱ አልቆፈረም፤ ሸጠ፣ ከበረ። «እንደ ብራናን አስብ!» ይለኛል አሰልጣኙ፣ አካፋውን ለእኔው እየሸጠልኝ። ብራናን እ.ኤ.አ. በ1889 ሲሞት ያ ሁሉ ሀብት እንደሌለው ግን ራሴ ፈልጌ ነው ያነበብኩት። ምናልባት ክፍል ሁለት ላይ ይመጣ ይሆናል። ክፍል ሁለት በተጨማሪ ክፍያ ነው።

ሠዓሊው ቫን ጎህ የማይነሳበት ኮርስ ደግሞ የለም። «ድሃ ሆኖ የሞተው ማርኬቲንግ ባለማወቁ ነው» ይሉናል። ኧረ በሕግ! የሰውየው ወንድም ቴዎ እኮ ፓሪስ ውስጥ ሥዕል ነጋዴ ነበር። ራሱም በወጣትነቱ ሥዕል ሻጭ ድርጅት ውስጥ ሠርቷል። ስሙን ያስጠራችው የቴዎ ሚስት ዮሃና ናት። ባሏ እ.ኤ.አ. በ1891 ከሞተ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሥዕሎቹን ለኤግዚቢሽን አዋሰች፣ እየመረጠች ሸጠች፣ ደብዳቤዎቹን አሳተመች። ደንበኛን ደረጃ በደረጃ ወደ ግዢ የሚስብ ፈነል የላት፣ ቆጣሪ ሰዓት የላት። ነገር ግን እጇ ላይ ሥዕል ነበር። ሰውየው በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ 900 ያህል የቀለም ቅብ ሠርቷል። ዮሃና እኔን ብትወርስ ኖሮ የምታገኘው ግማሽ ሰማይና ሦስት ደብተር ሙሉ የማርኬቲንግ ማስታወሻ ነበር።

ልዋሽ አልችልም፣ የጠቀመኝም አለ። ለትእዛዝ ሥራ ቀብድ ሳይቀበሉ ብሩሽ አለማንሳት። ስምምነትን በጽሑፍ ማድረግ። ሸራውን መሸጥና ምስሉን የማባዛት መብት መሸጥ የተለያዩ መሆናቸው። ሦስቱም አንድ ገጽ ላይ ተጽፈው ያልቃሉ። ችግሩ አንድ ገጽ ለስድስት ኮርስ አይበቃም።

ስለዚህ ሌላም ተማርኩ። «ዋጋህን እጥፍ አድርግ፣ የሚንቁህ ርካሽ ስለሆንክ ነው» ተባልኩ። አደረግኩ። በፊት ምንም አልሸጥም ነበር፤ አሁን በእጥፍ ዋጋ ምንም አልሸጥም። ክብሩ ግን ይለያል።

ቀጥሎ አድናቂ መሰብሰብ መጣ። ኬቪን ኬሊ የሚባል ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ2008 ያሰፈራት ስሌት አለች፦ በዓመት መቶ መቶ ዶላር የሚያወጡልህ 1,000 እውነተኛ አድናቂዎች ካሉህ ኑሮህን ትገፋለህ። ቆጠርኩ። ሦስት አሉኝ። አንደኛው እኔው ነኝ፣ በሌላ አድራሻ። ሁለተኛዋ እህቴ ናት። ሦስተኛው በስህተት ሳይገባ አይቀርም። 997 ይቀረኛል ማለት ነው። ላም አለኝ በሰማይ አትሉም? እህቴ ሰሞኑን ደውላ፣ «አንተ፣ በሳምንት ሦስቴ ‹ውድ አድናቂዬ› እያልክ ትጽፍልኛለህ፣ ስደውል ግን አታነሳም» አለችኝ። አውቶማቲክ ነው ብላት ባሰባት።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ ተአምር ሆነ። መልእክት መጣ። «ሰላም፣ ያ ሰማያዊው ሥዕል አለ? ልገዛው ፈልጌ ነበር።» ሰማያዊው ማለት ያው ያላለቀው ነው፤ «በሂደት ላይ» እያልኩ ስንቴ እንደለጠፍኩት እንጃ። የድሮው እኔ ቢሆን «ሁለት ሳምንት ታገሠኝ» ብሎ ይመልስና ብሩሹን ያነሳ ነበር። የሠለጠነው እኔ ፎርም ላክሁለት። ምስኪን፣ ሞላው። ከዚያ ሲስተሙ ተረከበው። ሰባት ኢሜይሎች ተራ በተራ ይሄዳሉ። በመጀመሪያው የልጅነት ሕልሜን እነግረዋለሁ። በሁለተኛው እንዴት እንደወደቅኩ። በሦስተኛው «ለምን ሰማያዊ?» ዋጋው ያለው ሰባተኛው ላይ ነው። ሰውየው ሦስተኛው ላይ ራሱን ከዝርዝሩ ሰረዘ። ሲስተሙም ሳይውል ሳያድር «ልናጣህ አንፈልግም» የሚል ሌላ ላከለት።

ያን ማታ ብሩሹን አነሳሁት። ኩባያ ውስጥ ውሃ ቀድቼ ነከርኩት። አክሪሊክ ቀለም አንዴ ከደረቀ በውሃ እንደማይለቅ አውቃለሁ። ሥዕል ስጀምር መጀመሪያ ከተነገሩኝ ነገሮች አንዱ ነው። ይሄኔ ስልኬ ጮኸ። «የሄደ ደንበኛን የመመለስ ጥበብ» ይላል። ቅናሹ ሊያበቃ 14 ደቂቃ ከ32 ሰከንድ ቀርቶታል።

ብሩሹ እስኪለሰልስ የመጀመሪያዋን ክፍል ብቻ ልይ ብዬ ተቀመጥኩ።