የሰጋቱራው ማገዶ ቅድሚያ ለትምህርት ቤት ማዕድ ቤቶች ይሁን

ከአዲስ አበባ በቡራዩ፣ በሰበታ ወይም በለገጣፎ በኩል የሚወጣ ሰው የጣውላ መሰንጠቂያዎቹን ጓሮ ቢመለከት፣ ተከምሮ ውስጥ ውስጡን የሚጨስ ሰጋቱራ አያጣም። ግንድ ሲሰነጠቅ ጣውላ ሆኖ የሚወጣው ግማሽ ያህሉ ነው። ቁርጥራጩን ማገዶ ፈላጊ ይወስደዋል፤ ከሰጋቱራውም ዶሮ አርቢዎች ለጉዝጓዝ የሚገዙት አለ። የተረፈው ቦታ ስለያዘ ብቻ ይቃጠላል። በሌላ በኩል እናቶች ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው፣ ወገባቸው ጎብጦ ይወርዳሉ። ሁለቱን እያየን ዝም ማለታችን ያሳዝነኛል፤ ያስቆጣኛልም።

ይህ ብናኝ ፔሌት ሊሆን ይችላል። ፔሌት ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ የተፈበረከ የከብት መኖ የሚመስል የታመቀ ማገዶ ነው። ሰጋቱራው ቀዳዳ ባለው ወፍራም ብረት ውስጥ በኃይል ሲጨመቅ ይግላል፤ በእንጨቱ ውስጥ ያለው ሊግኒን የተባለ ንጥረ ነገርም ይለሰልስና ሲቀዘቅዝ ብናኙን አጣብቆ ይይዘዋል። ሌላ ሙጫ አያሻውም።

ፈተናው እርጥበት ነው። ከእርጥብ ግንድ የወጣ ሰጋቱራ የክብደቱ ግማሽ ውሃ ሊሆን ይችላል፤ ማሽኑ የሚፈልገው ግን እርጥበቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሆነውን ነው። በእጅ ጨብጠው ሲለቁት ተጣብቆ ከቀረ ገና አልደረቀም። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ በሱሉልታ በኩል ፀሐይን አምኖ የሚያሰጣ ሰው የለም። ስለዚህ ከማሽኑ በፊት ጣሪያ፣ የሲሚንቶ ወለልና ማድረቂያ ሊታሰብ ይገባል። የተሠራው ፔሌትም ቢሆን ውሃ አይችልም፤ አንዱን ፍሬ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ቢጥሉት አብጦ ይፈርስና ተመልሶ ሰጋቱራ ይሆናል።

ከእንጨት ብናኝና ስብርባሪ በሙጫ ተጨምቀው የሚሠሩት የኤምዲኤፍና የቺፑድ ሰሌዳዎች ብናኝ፣ ቀለም የተቀባ እንጨትም ከፔሌት ማምረቻው በር ላይ መመለስ አለበት። ፎርማልዲሃይድ የተባለ ጎጂ ኬሚካል ባለበት ሙጫ የተሠራ ነገር ምግብ ማብሰያ ውስጥ መግባት የለበትም፤ በዚህ ድርድር የለም።

ብዙዎች ይህ ማገዶ በቀጥታ ከሰልን እንዲተካ ይመኛሉ። ምኞታቸው ይገባኛል፤ በባህላዊ መንገድ አፈር አልብሶ ከሰል ሲከሰል ከእንጨቱ ኃይል ከግማሽ በላይ የሚሆነው ባክኖ ይቀራል። ነገር ግን ፔሌት በከሰል ምድጃ ላይ ቢጨመር ይጨሳል እንጂ በደንብ አይነድም። የራሱ ምድጃ፣ ብዙ ጊዜም አነስተኛ ማራገቢያ ያስፈልገዋል። ከእጅ ወደ አፍ የሚኖር ቤተሰብ በሚቀጥለው ወር መገኘቱን ለማያውቀው ማገዶ ውድ ምድጃ ግዛ ቢባል እንዴት እሺ ይላል? አምራቹስ ምድጃው በሌለበት ለማን ያመርታል? በዚህ ላይ እንጀራ አለ፤ ሰፊ ምጣድን እኩል የሚያግል የፔሌት ምድጃ ሥራ ገና ብዙ ሙከራ ይፈልጋል።

ስለዚህ ቀዳሚ ገዢ ሆነው መምጣት ያለባቸው እንጨት የሚያነዱ የተማሪዎች ምገባ ማዕድ ቤቶች ናቸው እላለሁ። አንድ ትልቅ ምድጃ ወጥና ሩዝ ሠርቶ ለብዙ መቶ ልጆች ያደርሳል፤ ወጪውም በዚያው ልክ ይከፋፈላል። የሚፈለገው መጠን ከትምህርት ካላንደሩ ይታወቃል። ከሁሉ በላይ፣ ማለዳ ገብተው ጭስ ዓይናቸውን የሚለበልባቸው ምግብ አብሳዮች እፎይታ ያገኛሉ። ዳቦ ቤቶችም ሊከተሉ ይችላሉ።

የከተማው አስተዳደር ለአምራቾች ድጎማ ከመስጠት ይልቅ የግዢ ውል ይፈርም። ክፍያው በክብደት ብቻ ሳይሆን በእርጥበት ልክ ይወሰን፤ አለዚያ ውሃ በማገዶ ዋጋ እንገዛለን። ለክረምቱ የሚሆን ደረቅ ማከማቻ ማን እንደሚያዘጋጅም በውሉ ይጻፍ። ሰጋቱራውን የመለየትና የማስጣት ሥራ ሲከፈት ደግሞ ጭራሮ ተሸክመው የሚያድሩት ሴቶች የመጀመሪያዎቹ ተቀጣሪዎች ይሁኑ።