ማሽኑን ስንት ገዛሽው አትበሉኝ

ጥር 8 ቀን ነው። ለጥምቀት ሦስት ቀን ቀርቷል። ጎንደር በእንግዳ ተጨናንቃለች። ማራኪ ግቢ አጠገብ ያለችው ኮፒና ጽሕፈት ቤቴ ከጠዋት ጀምሮ ሰው አልተለያትም። የሰፈር ማኅበር 600 ቅጂ የመዝሙር ወረቀት አዟል። አንድ ፔንሲዮን የእንግዳ መመዝገቢያ ቅጽ ይጠብቃል። ልክ 4 ሰዓት ላይ ኮፒ ማሽኑ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለና ቆመ። መጨረሻ ያወጣው ወረቀት ላይ ያለው ጽሑፍ በእጅ ሲነኩት እንደ ጥላሸት ይረግፋል።

ቴክኒሻኑ ልጅ ከአራዳ መጣ። ከፈተው፣ በስልኩ መብራት አየው። «እታለም፣ ፊውዘሩ አልቋል» አለኝ።

ተበላሽቷል አላለም። አልቋል ነው ያለው። ይቺ ቃል ይኸው እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች።

ፊውዘር ማለት ቶነሩ፣ ማለትም የቀለሙ ዱቄት፣ በሙቀት ቀልጦ ወረቀቱ ላይ እንዲጣበቅ የሚያደርገው ክፍል ነው። ዕድሜው የሚቆጠረው በዓመት ሳይሆን በገጽ ነው። የኔው ማሽን 150 ሺህ ገጽ ገደማ ላይ መቀየር አለበት። ስንት ገጽ እንደሠራ ደግሞ ማሽኑ ራሱ ይቆጥራል። ሁለት ቁልፍ ተጭናችሁ የምታዩት ቁጥር ነው። ስናየው 150 ሺህ ደርሷል። ያ ቁጥር በየቀኑ ዓይኔ ሥር ሲቆጥር ነበር። ማሽኑ አልከዳኝም። ቀኑን ቀድሞ እየነገረኝ ነበር።

ጎንደር ውስጥ ዕቃው የለም። አዲስ አበባ ደወልን። ኅዳር ላይ አንድ ጎረቤቴ በ18,500 ብር ያስመጣው ዕቃ 24,000 ገብቷል። በዓል ነው፣ ቸኩያለሁ፣ ሻጩም ከድምፄ ገብቶታል። በመኪና ይምጣ ብል መቼ እንደሚደርስ አይታወቅም። በአውሮፕላን በሚመጣ መንገደኛ ላክንና አዘዞ ወርጄ ተቀበልኩ። ለመላኪያ 700፣ ለቴክኒሻኑ 1,500። ድምሩ 26,200 ብር። የደረሰውም ጥር 12 ቀን፣ ሚካኤል ወደ መንበሩ ሲመለስ ነው። የማኅበሩን ሥራ ፒያሳ ላለ ሌላ ቤት በገዛ እጄ አሳልፌ ሰጥቻለሁ። ፔንሲዮኑም ከዚያ ወዲህ አልመጣም።

አሁን ወደ ብሶቴ ልግባ።

እኛ አነስተኛ ነጋዴዎች ኪራዩን እናውቃለን። ለሠራተኛ የምንከፍለውን እናውቃለን። የስኳርና የቡና ወጪ እንኳ እንጽፋለን። የማሽን፣ የኮምፒውተር፣ የኢንተርኔት ወጪ ሲመጣ ግን ሁላችንም አንድ መልስ ብቻ ነው ያለን፤ «ሲበላሽ እናሠራዋለን»። ታናሽ ወንድሜ ከኔ ጋር ነው የሚሠራው። ኅዳር ላይ ቴክኒሻኑ ሰርቪስ ይደረግ ሲለን «እትዬ፣ የሚሠራ ዕቃ ላይ ምን ብር ታፈሻለሽ?» አለኝ። እኔም እውነቱን ነው ብዬ ዝም አልኩ። በሚሠራ ዕቃ ላይ ያልወጣ ብር በቆመ ዕቃ ላይ በእጥፍ ይወጣል። ይህን የተማርነው በበዓል ሳምንት ነው።

ሰው ሱቄ ሲገባ የሚጠይቀኝ «ማሽኑን ስንት ገዛሽው?» ብሎ ነው። ሰኔ 2016 ላይ ያገለገለውን በ95,000 ብር ገዛሁት። ታዲያ ይህ ምን ይነግረኛል? ስገዛ የተሰጠኝ ፕሮፎርማ አንድ መስመር ነበር፤ ማሽን፣ 1፣ ዋጋ። ቶነሩ ስንት እንደሆነ የለበትም። ድራሙ፣ ማለትም ምስሉን ወረቀቱ ላይ የሚያሳርፈው ሲሊንደር፣ ስንት ገጽ እንደሚቀረው የለበትም። ሻጩ «ብዙም አልሠራም» አለኝ። በኋላ አትሜ ሳየው ቆጣሪው 36 ሺህ ላይ ነበር። የሦስት ወር ዋስትና ሰጠኝ። ሦስት ወር ላይ የሚያልቅ ነገር እኮ የለም። የሚያልቀው ዓመት ተኩል ላይ ነው፣ ያኔ ዋስትናው የለም።

ከጥምቀት በኋላ አንድ ማታ ሱቁን ዘግቼ ተቀመጥኩና አንድ ገጽ ስንት እንደሚያስወጣኝ ደመርኩት። ይህን ማንበብ ለምትፈልጉ የሙያ ወንድም እህቶቼ ነው የምጽፈው፣ በደንብ እዩት። ወረቀት፣ አንድ ደስጣ በ800 ብር፣ 500 ቅጠል፤ ለአንድ ገጽ 1 ብር ከ60። ቶነር 4,500 ብር። ካርቶኑ ላይ 9 ሺህ ገጽ ይላል። ያ ቁጥር ግን ከገጹ 5 በመቶው ብቻ ቀለም ሲነካው ተብሎ የተለካ ነው። አንዲት አጭር ደብዳቤ ማለት ነው። የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ሠንጠረዥና ጥቁር ጥቁር ፎቶ የሞላበት ነው። እኔ ያገኘሁት 5,200 ገጽ ነው። ስለዚህ 50 ሳንቲም መስሎኝ የነበረው 87 ሳንቲም ሆነ። ድራም 9,600 ብር፣ 80 ሺህ ገጽ፤ 12 ሳንቲም። ለፊውዘሩ 17 ሳንቲም አልኩ። ድምሩ 2 ብር ከ76 ሳንቲም። ኪራይ፣ መብራት፣ የሰው ጉልበት ገና አልገባም።

እኔ ደግሞ ለተማሪ ብዛት ሲኖር በ3 ብር እያተምኩ ነበር! ወረቀቱን ብቻ ቀንሼ 1 ብር ከ40 ይተርፈኛል እያልኩ። የሚተርፈኝ 24 ሳንቲም ነው። ዓመት ተኩል ሙሉ። ማታ ማታ እግሬ እስኪያብጥ ቆሜ ያተምኩት ሁሉ።

ፊውዘሩንም አስቡት። ከገዛሁት ወዲህ 114 ሺህ ገጽ አትሜአለሁ። ከእያንዳንዱ ገጽ 17 ሳንቲም ለብቻ ባስቀምጥ 19,380 ብር ይኖረኝ ነበር። ኅዳር ላይ ፊውዘሩን ገዝቼ መደርደሪያ ላይ አስቀምጬ፣ ጥር 8 በአንድ ሰዓት ውስጥ አስቀይሬ፣ የማኅበሩን ሥራ ከምሳ በፊት አስረክብ ነበር።

«ሁሉ ነገር ተወዷል፣ በጀት ምን ያደርጋል?» የሚለኝ ሰው አለ። ተወዷል፣ አልክድም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ዓመት ሳይሞላው ከ130 አለፈ። ቶነር፣ ድራም፣ ሃርድ ዲስክ፣ ሁሉም ከውጭ ነው የሚመጣው። በ2,600 እገዛው የነበረው ቶነር ነው 4,500 የገባው። ግን እኮ ለዚህ ነው መጻፍ ያለብን! ዋጋው ባለበት የሚቆም ቢሆን ኖሮ በግምትም ይኬድ ነበር።

የዶላሩ ነገር ከተነሳ የወርሃዊ ክፍያውን ልናገር። ለዲዛይን የምንጠቀምበት አንድ አፕ አለ፣ ለአንድ ሰው በወር 12 ዶላር። በአሜሪካ ያለች የአክስቴ ልጅ በካርዷ ትከፍልልኛለች፣ እኔ እዚህ ለእናቷ በብር እሰጣለሁ። በ57 ሲታሰብ 684 ብር ነበር። በ130 ብናስበው እንኳ 1,560 ነው። ይህን አውቄ ነው የምከፍለው፣ ይሠራልኛል። ያበሳጨኝ ሌላ ነው። ያን ማታ ስቆጥር የሦስት ሰው ክፍያ እየተቆረጠ ነው። አንዷ ልጅ ሥራ ከለቀቀች ስምንት ወር ሆኗታል። አንዱን አካውንት ደግሞ ከተከፈተ ጀምሮ ማንም ነክቶት አያውቅም። በየወሩ ዝም ብሎ የሚሄድ ብር ነው። አልጮኸም፣ አልተበላሸም፣ ስለዚህ አላየነውም።

ዊንዶውስ 10ን በተመለከተም ስንቱ ነጋዴ በድንጋጤ ብር እንዳወጣ አይቻለሁ። ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አበቃ፣ እውነት ነው። የደኅንነት ማስተካከያ በነጻ እንደ በፊቱ አይመጣለትም። በፍላሽ ቫይረስ ለሚኖር እንደኔ ዓይነት ቤት ቀላል ነገር አይደለም፣ ተማሪ ሁሉ ፍላሹን ይዞ ነው የሚመጣው። ግን አንድ ዕቃ ሻጭ መጥቶ «አራቱም ኮምፒውተሮችሽ ሞተዋል፣ በሙሉ ቀይሪያቸው» ሲለኝ ልቤ ቀጥ አለ። ወንድሜ አንድ በአንድ አያቸው። ሁለቱ ስምንተኛ ትውልድ ፕሮሰሰርና ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የደኅንነት ቺፕ ያላቸው ናቸው፣ ዊንዶውስ 11ን ይቀበላሉ። ለነሱ ኤስኤስዲ፣ ማለትም ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥን ማከማቻ፣ ገዛንላቸው፣ አሁን እንደ አዲስ ይሮጣሉ። አንዱን ከኢንተርኔት አውጥተን ለመጻፊያ ብቻ አደረግነው። የሚቀየረው አንድ ብቻ ሆነ። የሰውየውን ቃል ሰምቼ ቢሆን ኖሮ የአራት ኮምፒውተር ዕዳ ውስጥ ነበርኩ።

መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጠው ባትሪ፣ ዩፒኤስም፣ እንደዚሁ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ስለሚያቃጥል አንድ ትንሽ ዩፒኤስ ገዛሁና ኮምፒውተሩንም ፕሪንተሩንም ሰካሁበት። በአራት ወሩ ሞተ። ሌዘር ፕሪንተር ፊውዘሩን ሲያሞቅ በአንዴ ብዙ ኃይል ይስባል፣ ትንሽ ዩፒኤስ አይችለውም። ኮምፒውተሩ ዩፒኤስ ላይ፣ ፕሪንተሩ አቅሙ የሚችለው ስቴብላይዘር ላይ ነው መሆን ያለበት። የሸጠልኝ ሰው ይህን ያውቃል። ምን ምን ልትሰኪበት ነው ብሎ አንድ ጊዜ ቢጠይቀኝ ምን ነበረበት?

ስለ ደረሰኝም ዝም አልልም። «ያለ ደረሰኝ ከሆነ ልቀንስልሽ» ይላሉ። 15 በመቶው ቫት ሲቀር ደስ ይላል። ሒሳብ ለምንይዝ ሰዎች ግን ደረሰኝ የሌለው ወጪ ወጪ አይባልም። ከትርፌ ላይ አይቀነስልኝም። ኮምፒውተር ስለሚያረጅ ከተገዛበት ዋጋ በየዓመቱ እኩል 20 በመቶ የእርጅና ቅናሽ ተብሎ እንደ ወጪ ይያዝለታል፣ ያለ ደረሰኝ ግን ምኑን አስይዤ? የተቀነሰልኝን ብር ሐምሌ ላይ መልሼ እከፍለዋለሁ። ዋስትናውም ያለ ወረቀት አይሠራም።

አሁን ባለ መስመር ደብተር ገዝቻለሁ። ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ገጽ፤ የተገዛበት ቀን፣ ዋጋ፣ የቆጣሪ ቁጥር፣ ምን እንደሚያልቅበትና መቼ። ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ ቁጥሩን እንጽፋለን። የገጹን ሳንቲም በሌላ የባንክ ደብተር እያስገባሁ ነው። ለኮምፒውተሩ ደግሞ ከጎረቤት ነጋዴዎች ጋር የሳምንት ዕቁብ ገብቻለሁ፣ ሲደርሰኝ ለሠርግም ለልደትም እንደማላወጣው ለዳኛው ቀድሜ ነግሬዋለሁ። ወንድሜ መጀመሪያ አጉረመረመ። ባለፈው ቅዳሜ ግን ቁጥሩን ቀድሞኝ አንብቦ ጽፎታል። ለተማሪም ዋጋ ጨምሬያለሁ። ቅር ያላቸው አሉ፣ ስሌቱን ደብተሩ ላይ አሳየኋቸው፣ ብዙዎቹ ተረድተውኛል።

ድራሙ አሁን 52 ሺህ ላይ ነው። 28 ሺህ ገጽ ይቀረዋል። በወር 6 ሺህ ገደማ እናትማለን። ስለዚህ የሚያልቀው ሰኔ ላይ ነው፣ ተመራቂዎች ጽሑፋቸውን ይዘው በሚሰለፉበት ሳምንት። እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደር የሚመጣ ሰው ያላችሁ፣ በውስጥ ጻፉልኝ። ብሩ ተዘጋጅቷል፣ ደረሰኝ ያለው ይሁን እንጂ።