ብሎኬቱ ቢፈርስስ? ስለ ማዕቀፍ የተደረገ ክርክር

የክርክሩ ርእስ፦ «ማዕቀፍ በየትኛውም የዕውቀት ዘርፍ አንድ ነገር ነው»። ደጋፊው የድሬዳዋ የሕንፃ መሐንዲስ ነው፤ ተቃዋሚዋ ሐረር ውስጥ ታሪክ የምታስተምር መምህርት ናት።

መሐንዲሱ፦ ሕንፃ ላይ መጀመሪያ የሚቆመው ኮለንና ቢም፣ ማለትም ቋሚውና አግዳሚው ተሸካሚ ነው። ብሎኬት የሚገባው በኋላ ነው። ሸክሙን የሚችለው አጽሙ ስለሆነ፣ የዛሬው ክሊኒክ ነገ ሱቅ ይሁን ቢባል ብሎኬቱን አፍርሰን እንለውጣለን፤ ብሎኬቱ ቢፈርስ ቤቱ አይወድቅም። ማዕቀፍ ማለት ይኸው ነው፤ በሕግም ሆነ በኬሚስትሪ። የአየር ንብረት ለውጥ ማዕቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1992 ጸደቀ፤ የ1997ቱ የኪዮቶ ፕሮቶኮልም የ2015ቱ የፓሪስ ስምምነትም የቆሙት በእሱ ላይ ነው። ሩሲያዊው ኬሚስት ሜንዴሌቭ በ1869 የንጥረ ነገሮችን ሰንጠረዥ ሲዘረጋ ገና ላልተገኙ ንጥረ ነገሮች ባዶ ቦታ ተወ። በ1875 ከእነሱ አንዱ፣ ጋሊየም፣ ተገኘ። ያገኘው ፈረንሳዊ ኬሚስት እፍጋቱን 4.7 ብሎ መዘገበ። ሜንዴሌቭ ብረቱን በዓይኑ ሳያየው ልኬቱ ስህተት ነው፣ ወደ 5.9 መቅረብ አለበት አለ። እንደገና ሲለካ 5.9 ሆኖ ተገኘ። የማዕቀፍ ጉልበት ይህ ነው! የኬሚስትሪም ይሁን የታሪክ ተማሪ መረጃ ከመሰብሰቡ በፊት ማዕቀፉን ያቁም።

መምህርቷ፦ ኢንጂነር፣ «ብሎኬቱ ቢፈርስ ቤቱ አይወድቅም» ብለዋል። እስቲ ጀጎል ይግቡና የአንድ ጌይ ጋር፣ የሐረሪ ባህላዊ ቤት፣ ግድግዳ ያፍርሱ። ጣሪያው ከነእንጨቱ ይወርዳል። ኮለን የለውማ! በድንጋይና በጭቃ የተገነባው ያ ወፍራም ግድግዳ ራሱ ነው ተሸካሚው። ታሪክም እንዲሁ ነው፤ የምስክር ቃል ብሎኬት አይደለም።

አንዲት ተማሪዬ የአንዲት አዛውንት ቃል ስድስት ሰዓት ሙሉ ቀድታ መጣች። የቤታቸው ወለል ለምን ቀይ እንደሚቀባ፣ እ.ኤ.አ. በ1887 በጨለንቆ ጦርነት ለወደቁት መታሰቢያ መሆኑን ከእናታቸው እንዴት እንደሰሙ ነግረዋታል። የጥናቷ ገምጋሚ «ማዕቀፍሽ የቱ ነው?» አላት። ከመጽሐፍ አንዱን አመጣች፤ ከዚያ ጋር የማይገጥመውን ቆረጠች። አሥራ አንድ ገጽ ተቆርጦ ወጣ። ከወጣው መካከል አዛውንቷ ንግግራቸውን አቁመው ወለሉን በመዳፋቸው እያሻሹ ብዙ ዝም ያሉበት ቦታ ይገኛል። ብሎኬቱ ቢፈርስ ምንም አይሆንም የሚሉኝ ይህንን ነው?

መሐንዲሱ፦ እህቴ፣ ለሜንዴሌቭ አልመለስሽልኝም። ጌይ ጋር ማዕቀፍ የለውም ማለትሽ ደግሞ ከሐረር ሰው የምጠብቀው አልነበረም። አምስት ነደባ፣ ከፍ ተደርጎ የተሠራ መቀመጫ፣ የለም እንዴ? አሚር ነደባ ላይ ማን እንደሚቀመጥ እንግዳው በሩን ሳያልፍ የታወቀ ነው። ሰው ይወለዳል፣ ይሞታል፤ ነደባው ግን ከቦታው አይነቃነቅም። ይህ ማዕቀፍ ካልሆነ ምን ልበለው? ተማሪሽስ ስለ ቀዩ ወለል ስትጠይቅ ስለ ጣሪያው እንጨት ለምን አልጠየቀችም? ሳታውቀው ማዕቀፍ ይዛ ስለገባች ነው።

መምህርቷ፦ «አንቺ» ማለትዎ አላስቀየመኝም፤ ድሬዎች አንቱታ አታውቁም። ያስቀየመኝ አሥራ አንዱን ገጽ እንዳላዩ ማለፍዎ ነው። በኮለን ጀምረው ነደባ ላይ ደረሱ። ነደባ ሰው ያስቀምጣል እንጂ ጣሪያ አይሸከምም። መጀመሪያ ማዕቀፍ ሸክም ነበር፣ አሁን የአቀማመጥ ሥርዓት ሆነ። ነገ ደግሞ ሌላ ይሆናል። ስም ስለተጋሩ አንድ አይሆኑም። ከተማዎ ሁለት ሐዲድ ያውቃል፤ የድሮው ስፋቱ 1 ሜትር፣ የአዲሱ 1.435 ሜትር። የአንዱ ፉርጎ በሌላው ላይ ይሄዳል?

ጋሊየምን ካነሡ ደግሞ፣ ብረት እንደገና ይለካል። እኚያ እናት ግን ባለፈው ዓመት አረፉ። ማዕቀፉ «ተሳስተሻል» ቢላቸው ማን መልሶ ይለካቸዋል?

መሐንዲሱ፦ አላህ ይርሐማቸው። ስለ ሐዲድ ግን ለእኔ ባትነግሪኝ ደስ ይለኝ ነበር። የሸሚንደፈር ሠራተኛ ልጅ ነኝ፤ ያደግኩት የፉርጎ ድምፅ እየሰማሁ ነው። ጠባቡም ሰፊውም ሁለት ብረት በእኩል ርቀት ይዞ ባቡር የሚሸከም ነው። ልኩ ቢለያይም ሐሳቡ አንድ ነው።

ዋናው ነገር ማዕቀፉ ይጻፍ ነው የምለው። ከተጻፈ ሰው አይቶ ይተቸዋል። ካልተጻፈ ተማሪዋ ምን እንደመረጠችና ምን እንደተወች ማን ያውቃል?

መምህርቷ፦ «አንድ ነገር ነው» ብለው የጀመሩት ሰው «ይጻፍ» ላይ ደረሱ። እሺ፣ ይጻፍ። ግን በመጨረሻው ምዕራፍ ይጻፍ፤ የሰዎቹ ቃል ተሰምቶ ካበቃ በኋላ። የተቆረጠውም ሁሉ በአባሪ ይያያዝ። አሥራ አንዱ ገጽ አልተጣለም፣ እኔ ጋ አለ። ያንብቡትና የትኛው ኮለን እንደሚሸከመው ይንገሩኝ።

መሐንዲሱ፦ ላኪልኝ፤ አነበዋለሁ። የምፈልገውን ግን ገጹን ሳልገልጥ በፊት ወረቀት ላይ ጽፌ አስቀምጣለሁ፤ ያንንም ወረቀት እልክልሻለሁ።