ማስተካከያ፦ የባልደረባችን አርባ ቀን፣ ሰዓቱና አንድ የተሳሳተ ቃል

ስለ ሂሳብ ክፍሉ ታላቃችን ዕረፍት ባወጣነው ማስታወቂያ፣ የአርባ ቀን መታሰቢያቸው እሑድ ከቀኑ 9 ሰዓት እንደሚሆን ጽፈን ነበር። ትክክለኛው ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ ቦታው ያው ፒያሳ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል። አርባ የሚቆጠረው ካረፉበት ቀን ጀምሮ ሲሆን፣ እኛ ግን በማግስቱ ከተፈጸመው ቀብር ቆጠርን። ሰዓቱ የተዛባው ደግሞ በኮምፒውተር የተያዘው 9:00 ስድስት ሰዓት ሳይቀነስለት ስለተገለበጠ ነው። አብሮ ለመግባት 2:30 ላይ በዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት አጠገብ እንገናኝ።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ግን «ለጥበቃና ለጽዳት ሠራተኞች ገንዘብ ያበድሩ ነበር» ማለታችን ነው። አላበደሩም፤ ሰጡ። መስከረም ሲጠባ ለደብተርና ለዩኒፎርም፣ ሰው ሲታመም ለመድኃኒት፣ ሌላ ሰው ሳያይ በእጅ ይሰጡ ነበር። የብድር መዝገብ አልነበራቸውም። ማስታወቂያችንን አንብበው «ዕዳዬን ልክፈል» ብለው ብር በፖስታ ይዘው ወደ ቤተሰቡ የሄዱ በመኖራቸው በጣም አዝነናል፤ ለእነዚህ ሰዎችም ለቤተሰቡም ይቅርታ እንጠይቃለን። ባለቤታቸው ፖስታዎቹን እንዳልተከፈቱ መልሰዋል። ከሂሳብ ክፍል፣ ስም ሳይመዘገብ፣ መውሰድ ይቻላል።