ስልጠናው ስለ እሱ ነው፣ እሱ ግን በር ላይ

እኔ የምኖርበት የቶሮንቶ ሕንፃ ውስጥ ለዓመታት ጎዳና ላይ የኖረ ሰውዬ ቤት ተሰጠው። አልጋ አለው፤ እሱ ግን ጫማውን እንዳደረገ ወለል ላይ ነው የሚተኛው። ራሱ ነው ያጫወተኝ። ያወለቁት ጫማ የማያድርበት ቦታ የከረመ ሰው፣ ቁልፍ ስለያዘ ብቻ እንቅልፉ አይስተካከልም።

በየሳምንቱ አንዲት ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ትመጣለች። መድኃኒት አትሰጥም፣ ምክርም አታበዛም። አብራው ገበያ ትወጣለች፣ እንቁላል ይጠብሳሉ፣ የወሩን ገንዘብ ይመድባሉ። ቀኑን በምን እንደሚያሳልፍም ትጠይቀዋለች። ሙያው ይኸው ነው፤ የዕለት ኑሮን መልሶ እጅ ማስገባት።

እንደ ፈረንጆቹ ከ2009 እስከ 2013 ካናዳ በአምስት ከተሞች ከ2,000 በላይ ቤት አልባ ሰዎችን ይዛ አንድ ትልቅ ጥናት አካሂዳ ነበር። መጀመሪያ ቤት፣ ከዚያ ድጋፍ። ከድጋፍ ሰጪዎቹ መካከል ራሳቸው ጎዳናን የቀመሱ ሰዎች ነበሩበት። ገነት ናት እያልኩ አይደለም፤ ዛሬም ቶሮንቶ በዚያ ብርድ ድንኳን ውስጥ የሚያድር ሞልቷል። ይቺን አሠራር ግን ወድጄላቸዋለሁ።

ድሬዳዋ ስገባ ከዚራ ሰፈር አንድ ሆቴል በር ላይ ባነር ተሰቅሏል። ስለ ጎዳና ተዳዳሪዎች የግንዛቤ ማስጨበጫ ስልጠና። ውስጥ ኤሲ፣ የታሸገ ውሃ፣ አዲስ ደብተር፣ የሻይ ሰዓት፣ ማሳረጊያው አበል። ውጪ አንድ ልጅ የመኪና መስታወት በካርቶን እየሸፈነ ነው።

«ፋዘር፣ ልጠብቅልህ?»

ባነሩን አሳየሁትና ምንድነው አልኩት።

«ስለኛ ነው አሉ አቦ!» ብሎ ሳቀ።

ጠዋት ቀፊራ ገበያ ዕቃ ይሸከማል፣ ከሰዓት መኪና ይጠብቃል። ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ደረቅ ከሆነ እዚያው አሸዋው ላይ ነው። በደንገጎ በኩል ሰማዩ ሲጠቁር ጓደኞቹን ቀስቅሶ ይነሳል። በ1998 ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ፈጅቷል፤ ልጁ ያኔ አልተወለደም፣ ታሪኩን ግን ከእኔ በላይ ያውቀዋል። እንዲህ ያለውን ዕውቀት ከአዳራሹ ውስጥ ማን ነው የሚያስተምረው?

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ ያንን የኦኩፔሽናል ቴራፒ ሙያ ማስተማር ጀምሯል። ተመራቂዎቹ ድሬ ሲደርሱና ስልጠና ሲዘጋጅ ልጁን ወደ ውስጥ ያስገቡት፣ ከፊት ወንበር። አበሉም ይከፈለው። የቀን ገቢው ተቋርጦበት የሚሰለጥነው እሱ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ደሞዛቸው አይቆረጥም።