አንቺሆዬን ያፈረሰው ኤሊንግተን አይደለም

ጎንደር ላይ ለወጣት ሙዚቀኞች ከተሰናዳ ስልጠና የማድመጫ ዝርዝር ውስጥ የውጭ አልበሞች በሙሉ እንዲወጡ ተወስኗል። የጃዝ አቀናባሪው ዱክ ኤሊንግተን ወጣ፣ ሳክስፎኒስቱ ጆን ኮልትሬን ወጣ፣ አቀናባሪው ጊል ኢቫንስ ወጣ። የኢትዮ ጃዝ አባት የምንላቸው የዶ/ር ሙላቱ አስታጥቄ ሥራዎች ግን እንዲቀሩ ተፈቅዷል። የተሰጠው ምክንያት አጭር ነው፦ «ጃዝ ቅኝታችንን ያበላሻል፤ የአዝማሪ አገር ከአሜሪካ የሚማረው የለም።»

ሙላቱ በየቃለ ምልልሱ የሚያነሷቸውን ሰዎች አስወጥቶ ሙላቱን ማስቀረት እንስራውን ታቅፎ ምንጩን መድፈን ነው። እኚህ ሰው በዌልስና በለንደን የተማሩ፣ ቦስተን በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ የገቡ፣ የመጀመሪያ አልበሞቻቸውን እ.ኤ.አ. በ1966 ኒውዮርክ ላይ ያወጡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1973 ኤሊንግተን አዲስ አበባ ሲመጣም አብረውት ሠርተዋል። ያደመጡትን ሰርዞ የጻፉትን ማስተማር እንዴት ይቻላል?

«ቅኝት ያበላሻል» የሚለው ግን በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። ቅኝት ዜማው የሚሠራባቸው ድምፆች ስብስብ ነው፤ ትዝታና አንቺሆዬ ከቅኝቶቻችን ናቸው። ቅኝት በምን እንደሚበላሽ ማወቅ የፈለገ ሰው ከተማችን ውስጥ አንድ አዝማሪ ቤት ያምሽ። ማሲንቆው ትዝታ ይዟል፤ አጠገቡ ያለው ኪቦርድ በሦስት ኮርድ፣ ማለትም በዶ፣ በፋና በሶል ላይ በተደራረቡ ድምፆች፣ ያጅበዋል። ከዶ የሚነሳ ሜጀር ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ፋም ሲም የለበትም። ኪቦርዱ የፋን ኮርድ ሲይዝ ፋን ይዞ ይገባል፤ የሶልን ኮርድ ሲይዝ ሲን ያስገባል። ከሦስቱ ኮርዶች ሁለቱ ቅኝቱ የማያውቀውን ድምፅ አመጡ ማለት ነው። አምስት ድምፅ የነበረው ዜማ ማንም ሳያስተውለው ሰባት ሆነ። ይህን ያደረገው ኮልትሬን ነው?

አንቺሆዬ ላይ ደግሞ ጥፋቱ ይከፋል። ድምፆቹ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ናቸው፤ ፍላት ማለት ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው። ንጹሕ ሶል ስለሌለ በመነሻው በዶ ላይ ሜጀርም ሆነ ማይነር ኮርድ መሥራት አይቻልም። ከአምስቱ ድምፆች ለኪቦርዲስት እጅ ቶሎ የሚመጣው ፋ፣ ላ፣ ዶ ነው፤ የፋ ሜጀር። እሱን ያዝ ባደረገ ቁጥር የአድማጩ ጆሮ የዜማውን ቤት፣ ማረፊያውን፣ ከዶ ወደ ፋ ያዛውራል። አዝማሪው አንዲት ድምፅ አልሳተም፣ ያንኑ አምስቱን እየተጫወተ ነው፤ አንቺሆዬው ግን ከእጁ ወጥቷል። ሬ ፍላቷ ጎምዛዛነቷን አጥታ ተራ ማለፊያ ትሆናለች። በየምሽቱ፣ በየመድረኩ፣ በየሰርጉ የሚሆነው ይህ ነው፤ አንድም ስልጠና ኪቦርዱን ሲከለክል አልታየም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን!

መውጫው ያለው ደግሞ በተሰረዙት አልበሞች ውስጥ ነው። ኮልትሬን የተጫወተበትን የትራምፔተኛውን የማይልስ ዴቪስን የ1959 (እ.ኤ.አ.) «ካይንድ ኦፍ ብሉ» ውሰዱ። የመጀመሪያው ሥራ አሥራ ስድስት ባር በአንድ ቅኝት ላይ ይቆያል፤ ስምንት ባር ግማሽ ድምፅ ከፍ ይላል፤ ስምንት ባር ወደነበረበት ይመለሳል። በቃ፣ ሌላ ሽግግር የለውም። ኮርድ ሳያሯሩጡ በአንድ ቅኝት ላይ ተቀምጦ መናገር ማለት ይህ ነው፤ ጎንደር አካባቢ ላለችው የአዝማሪዎች መንደር ለቡርቧክስ ልጅ ይህ እንግዳ ነው የሚል ሰው ማሲንቆ ሰምቶ አያውቅም። ኮልትሬን በ1964 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የቀዳው «ኤ ላቭ ሱፕሪም» ደግሞ ቤዙ አራት ድምፅ ብቻ ባላት ሐረግ እየተመላለሰ ቤት ሲሠራ ያሰማል።

ይህን ወደ አንቺሆዬ ማምጣት ከባድ አይደለም። ቤዙ ዶን ይያዝ፤ አይልቀቅ። ኪቦርዱ ሦስት ድምፅ መደራረቡን ይተውና ሁለት ሁለቱን ብቻ ይያዝ፦ ዶን ከፋ ጋር፣ ሬ ፍላትን ከሶል ፍላት ጋር። ላን ለማሲንቆው ይተውለት፤ ላ ከፋና ከዶ ጋር በኪቦርዱ ላይ ከተገናኘች ያው ፋ ሜጀር ተመልሶ ይመጣል።

ኤሊንግተን የሚያስተምረው ሌላ ነው። በ1930 (እ.ኤ.አ.) በ«ሙድ ኢንዲጎ» ሦስት መሣሪያ ብቻ ከፊት አቆመ፤ የታፈነ ትራምፔት፣ የታፈነ ትሮምቦንና ክላሪኔት። ትሮምቦኑን ወደ ላይኛው ድምፁ ገፋው፣ ክላሪኔቱን ወደ ታችኛው አወረደው፤ ቀለሙ የተለወጠው በቦታ ለውጥ ብቻ ነው። ማሲንቆን ከሳክስፎን ጋር አንድ ከፍታ ላይ ያስቀመጠ አቀናባሪ ማሲንቆው ሲዋጥበት ድምፅ ማጉያ ይጨምራል፤ ያኔ ደግሞ የጭራው ፍትጊያ ብቻ ጎልቶ ጆሮ ይቧጥጣል። ሳክስፎኑ ይውረድ፣ ዋሽንቱ ከላይ ይሁን፣ መሐሉ ለማሲንቆ ይለቀቅ። ጊል ኢቫንስም በማይልስ አልበሞች ላይ ከቱባና ከፍሬንች ሆርን ጋር የሠራው ከዚህ ወገን ነው።

አንድ ነገር እቀበላለሁ፦ ልጆቹ በቅድሚያ የአገራቸውን ይወቁ መባሉ ልክ ነው። ታዲያ ከልብ ከሆነ ኪቦርዱ ለማሲንቆው ይገዛ። የማሲንቆ ተጫዋች ጭራውን እንደ ጊታር ከአንገቱ ጋር አያጣብቅም፤ በጣቱ አየር ላይ ነው የሚነካው፤ ድምፁ በፒያኖ ቁልፎች መካከል ሊያርፍ ይችላል። ስለዚህ በማስተካከያው ኪቦርዱ ወደ ማሲንቆው ይቃኝ እንጂ ማሲንቆው ወደ ኪቦርዱ አይጎተት። በክረምት የማሲንቆው ቆዳ እርጥበት ስለሚስብና ስለሚላላ በምሽቱ አጋማሽ መቃኘቱ ዳግም ይታይ።

ዝርዝሩ ይመለስ። ጠዋት አንድ አዝማሪ አንቺሆዬን ግማሽ ሰዓት ይጫወት፤ ልጆቹ አምስቱን ድምፆች በአፋቸው እስኪይዙ ድረስ መሣሪያ አይንኩ። ቀጥሎ የ1959ኙ አልበም ይከፈት፣ ከዚያ ሙላቱ። ከሰዓት ኪቦርዱ ይጥፋና ያንኑ አንቺሆዬ ዶን ይዞ በሚቆም ቤዝና በማሲንቆ ብቻ ይሞክሩት።