እርማት፦ «አፕላንድ» ማለት ደጋ አይደለም

ወንድሜ፣ «አፕላንድ ሩዝ የደጋ ሩዝ ስለሆነ ቀዝቃዛ ቦታ ላይ ዝሩት» ያልከው ይታረም፤ ስሙ ብዙ ሰው ያሳስታል። ቃሉ ከፍታን ሳይሆን ውሃ የማይተኛበትን፣ በዝናብ የሚለማ ማሳ ነው የሚያመለክተው፤ ቆላም ሊሆን ይችላል። እንዲያውም ሩዝ ዛላው ሳይወጣ ብርድ ከመታው የአበባ ብናኙ ይመክናል። ዛላው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ፍሬው በጣት ሲጨመቅ ግን ባዶ ገለባ ነው።

የአፕላንድ ማሳ የሚለማው በዝናብ ስለሆነ፣ «ብዙ ምርት ይሰጣል» የተባለውን ዝርያ ከመውሰድህ በፊት ዝናቡ ስንት ቀን እንደሚቆይ ቁጠር። ከአፍሪካና ከእስያ ሩዝ የተዳቀሉት አንዳንዶቹ የኔሪካ ዝርያዎች ከ90 እስከ 100 ቀን ባለው ጊዜ ይደርሳሉ። 140 ቀን የሚፈልግ ዝርያ ዘርተህ ዝናቡ ልክ ሲያብብ ከተቋረጠ፣ ሙከራ ጣቢያ ላይ የሰጠው ኩንታል ምንም አይጠቅምህም። (ኔሪካን «ጂኤምኦ»፣ ማለትም ዘረመሉ በቤተ ሙከራ የተቀየረ፣ ያልከውም ልክ አይደለም፤ በማዳቀል የተገኘ ነው።)